ዘብ ያጣ ደም፤ ወይም በሽተኛን ስለ መጠየቅ

ከአገራችን መልካም ልማዶች መካከል፣ በሽተኛን መጠየቅን ያህል ድኻውም ባለጠጋውም፣ የተማረውም ያልተማረውም በአንድነት የሚጠብቀው ልማድ ያለ አይመስለኝም። ጾም የሚሽር ሰው አለ፤ ዕድር የማይገባም አለ፤ ጎረቤቱ ታሞ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ግን በመንገድ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። እኔ በምኖርበት በመዘዞማ ብርዱ ሰውን ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ስለሚሰበስበው፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት ከሠርግ ቤት የማያንስ ሕዝብ ያስተናግዳል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ መጠየቁ ራሱ በሽተኛውን የሚጎዳው ሲሆን ወዳጅነት የሚያዘን መግባትን ነው ወይስ መቅረትን? ብዙ ሰው «የሚጎዳ ከሆነማ መቅረት ነዋ» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እኔ ግን ነገሩን በቅርብ ካየሁት ወዲህ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ሆኖ አላገኘሁትም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ደም ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ የያዘ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትምና አንባቢ ይታገሠኝ። ደማችን ለዓይን አንድ ቀይ ፈሳሽ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ዓይነት ሠራተኞች አሉበት። ቀዮቹ ሕዋሳት ከሳንባ የተቀበሉትን አየር ለአካል ሁሉ ያከፋፍላሉ፤ ዕድሜያቸውም 120 ቀን ያህል ነው። ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቃዎች የተቀደደውን የደም ሥር ይደፍናሉ፤ እነዚህ ከ8 እስከ 10 ቀን ይኖራሉ። ሦስተኞቹ ነጭ ሕዋሳት የሚባሉት ሲሆኑ የአካል ዘበኞች ናቸው። ከእነዚህም ብዛት ያለው ሠራዊት ኒውትሮፊል ይባላል። እርሱ ከአጥንት መቅኔ ወጥቶ በደም ውስጥ የሚዘዋወርበት ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ስለ ሆነ፣ የጤነኛ ሰው መቅኔ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ አዲስ ዘበኛ ማሠማራት አለበት። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይሥቁ ነበር፤ መምህሩ ዜሮ አበዛ ብለው ይመስለኛል።

መቅኔው በደም ካንሰር ሲወረስ፣ ወይም ያለ ካንሰር ራሱ ሲደርቅ፣ ወይም ካንሰሩን ለመግደል የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት አረሙንና ሰብሉን አንድ ላይ ሲያጭደው፣ ዘበኛው ያልቃል። ጀራልድ ቦዲ የሚባል ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ባወጣው ጥናት፣ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር በታመሙ ሰዎች ላይ የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር ባነሰ መጠን፣ ያነሰበትም ጊዜ በረዘመ መጠን፣ ተሐዋስያን የሚያመጡት ሕመም እንደሚበረታ በቁጥር አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ሲወርድ በብርቱ ይሠጋሉ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር፣ በሌሎችም የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ፣ ከፈረንጆቹ ልክ ያነሰ ቁጥር በተፈጥሮው ይዞ በጤና የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ያየ ጤነኛ ሰው ሁሉ አይደንግጥ፤ የሚያስፈራው በበሽታ ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመጣው መውደቅ ነው።)

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ከማናቸውም ይልቅ ያስደነቀኝ የመግል ነገር ነው። መግል ስንጠላው የኖርነው ነገር ነው። ነገር ግን መግል ማለት በአብዛኛው ሲዋጉ የወደቁ ዘበኞች ሬሳ ነው። ዘበኛ በሌለበት መግል አይኖርም፤ እብጠትም አይኖርም፤ ሳንባው የታመመ ሰው አክታ ላይኖረው ይችላል። ጠላት በሩን ሰብሮ ሲገባ የሚጮኽ የለም። የቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህም ነው እንዲህ ላለው በሽተኛ ትኩሳት ሲነሣ፣ ሌላ ምንም ባይታይበት፣ በሰዓት የሚቈጠር ጊዜ ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ መግባት አለበት የሚባለው። ከመዘዞ ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ጉም አቋርጦ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ በሌሊት መኪና የፈለገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዶ «ደኅና አደረ» ማለት፣ በዚህ በሽታ ላይ የቀረውን አንድ ጯሂ አፉን ማፈን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ከአንዱ የሕክምና ዙር ወጥቶ፣ ሁለተኛው እስኪደርስ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይገጥመዋል? ፍቅር ይገጥመዋል። ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦ ጉንጩን ይስመዋል። ጉንፋን የያዘው «ብርድ ነው፣ አይተላለፍም» እያለ ከአጠገቡ ይቀመጣል። ኩፍኝ ከያዘው ልጅዋ አጠገብ ተነሥታ የመጣች እናት ሌላውን ሕፃን አዝላ ትገባለች። ቤቱ በጢስና በትንፋሽ ይሞላል፤ መስኮቱ ብርድ ይገባል ተብሎ ይዘጋል። ከዚያ ስጦታው ይመጣል። «ደሙ አለቀ» የተባለለት ሰው ምን ይሰጠዋል? ደም የሚመስል ነገር ይሰጠዋል፤ ገና ትኩስነቱ ያልጠፋ ጥሬ ጉበት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ከጡት በቀጥታ የታለበ ያልፈላ ወተት። ቀይ ነገር ቀይ ነገርን ይተካል የሚለው አሳብ የዋህ ነው፤ በውስጡም እውነት አለው፤ ጉበት ብረት አለውና የብረት እጥረት ላለበት ሰው በስሎ ቢሰጠው ይጠቅመዋል። ዘበኛ ለሌለው አንጀት ግን ጥሬው ጉበት ተሐዋስያንን በሰሃን አቅርቦ መጋበዝ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዋግምት የሚያስነሣውና ብጥ የሚበጣው አዋቂ ነው፤ ፕላትሌቱ ያለቀ ሰው ቈዳው ከተበጣ ደሙን የሚያቆመው የለም፤ ብጡም ለተሐዋስያን የተከፈተ በር ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም። የሞራሉ ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ቅን ልብ ይዤ ሄድሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር የሚናቅ አይደለም። ሰው በማያውቀው ነገር እንደ ወንጀለኛ አይቈጠርም። ይሁን እንጂ ቅን ልብ ሲያውቅ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባለው ሐኪም በ1847 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቪየና ሆስፒታል ሳለ፣ አራሶች በትኩሳት የሚያልቁት ሬሳ ሲመረምሩ ቈይተው ወደ ምጥ ክፍል ከሚመጡት ከሐኪሞቹ እጅ መሆኑን አስተዋለ፤ እጃቸውንም ክሎሪን ባለበት ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ ሞቱ በብዙ ቀነሰ። እነዚያ ሐኪሞች ከዚያ በፊት ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም። ነገሩ ከተነገራቸው በኋላ ግን ብዙዎቹ ተቈጡ፤ የእኛ የተከበረ እጅ እንዴት ሞትን ይሸከማል አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚጠብቁት በሽተኛዋን አልነበረም፤ ስለ ራሳቸው ያላቸውን መልካም አሳብ ነበር። እኔ ቅን ልብ የሚፈተነው በዚህ ቦታ ይመስለኛል። እጅህ ንጹሕ አይደለም ሲባል የሚታጠብ አለ፤ የሚቀየምም አለ። ሁለቱም እስከዚያ ሰዓት ድረስ እኩል ቅኖች ነበሩ።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበረች ነርስ እስከ ክንዳችን ሳንታጠብ ወደ ምግብ አታስገባንም ነበር። ከቤታቸው ተከብረው የመጡ ልጆች ይህን እንደ ስድብ ይቈጥሩት እንደ ነበር አስታውሳለሁ። እርሷ ግን ራሷ ከሁላችን ፊት ቀድማ ትታጠብ ነበር፤ ስድቡም በዚያው ይጠፋል።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። ጥንቃቄ ሁሉ መልካም ነው ብሎ በሩን ዘግቶ ሰውን ከሰው መለየት ይገባልን? በአሜሪካ በቴክሳስ በ1971 እንደ እነርሱ አቈጣጠር ዴቪድ ቬተር የሚባል ልጅ ተወለደ። ሲወለድ ጀምሮ ሰውነቱ ተሐዋስያንን የሚከላከልበት ኃይል አልነበረውምና፣ በፕላስቲክ በተሠራ ክፍል ውስጥ 12 ዓመት ኖረ። የሚነኩት በጓንት ነበር። በመጨረሻ ከእኅቱ መቅኔ ተወስዶ ተሰጠው፤ በዚያ መቅኔ ውስጥ ግን ማንም ያላየው ቫይረስ ተኝቶ ነበርና፣ እርሱ ተነሥቶ ልጁን በ1984 ገደለው። እናቱ ያለ ጓንት የነካችው ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ሐኪሞቹ የሠሩት ክፋት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያን ጊዜ አልነበራቸውም። ነገር ግን ታሪኩን ባሰብሁ ቁጥር፣ ከተሐዋስያን ንጹሕ የሆነ ክፍል በውስጡ ላለው ሰው እስር ቤት ሊሆን እንደሚችል አልረሳም።

ደግነቱ፣ ሐኪሞች ዛሬ በቤቱ ላለው የደም በሽተኛ እንዲህ ያለ እስራት አያዝዙም። የሚሉት ይህን ነው፤ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው አይግባ፤ የሚገባው ጥቂት ይሁን፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ አይሳም፤ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ በሽተኛው የበሰለ ይብላ፣ የፈላ ይጠጣ፤ መስኮቱ ይከፈት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሕመም ሊመጣ እንደሚችል ሳይሸሽጉ ይናገራሉ፤ ምክንያቱም ብዙው ተሐዋሲ የሚነሣው ከጠያቂ ሳይሆን ከበሽተኛው ከራሱ አንጀት፣ አፍና ቈዳ ነው። ጤነኛ ሳለ አብሮት በሰላም የኖረው ጎረቤት ዘበኛው እንደ ሄደ ሲያውቅ ጠላት ይሆናል። «እንግዲያውስ በር መዝጋት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ተቃውሞ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ወደ እርሱም እመለሳለሁ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በመሐል ሜዳና በደብረ ብርሃን መካከል በሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት ነበር። የመንገዱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሒሳብ ሲቀበል የሚቀልደውን ቀልድ ያልሰማ ገበሬ አልነበረም። በ23 ዓመቱ ድዱ ይደማ፣ ሰውነቱ ያለ ምት ይበልዝ ጀመረ፤ ተመርምሮም ሉኪሚያ መሆኑ ታወቀ። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን መድኃኒት ወስዶ ወደ መዘዞ ሲመለስ፣ ከሣላ ድንጋይ ጀምሮ ሊጠይቀው የመጣው ሰው ቤቱን ከበበው። እናቱ ሐኪም የነገራቸውን ሰምተው ነበርና በሩን ዘጉ። በትንሹ መስኮት በኩል አግዳሚ አስቀመጡ፤ ጠያቂው በዚያ ቆሞ ሰላም ይላል፣ ይጨዋወታል፣ ይሄዳል። ካህኑ እንኳ መጥተው በመስኮቱ ማዶ ቆመው ጸልየው፣ መስቀሉን ሳያስስሙ በሩቅ ባርከው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ከዚህም የተነሣ ለእርሳቸው ያለኝ አክብሮት ጨመረ። እኔ ብዙ ማለዳ በዚያ አግዳሚ ተቀምጬ ከልጁ ጋር ተጨዋውቻለሁ።

ሰው ግን ተቀየመ። በተለይ የአባቱ አጎት የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ ቁልቁለቱንና ዳገቱን በእግራቸው ተጉዘው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ጉበት ይዘው መጡ። ሳል ነበረባቸው። እናቲቱ ከደጅ ተቀብለው ነገሩን ቢያስረዱአቸው፣ «እኔ ነኝ የልጄን ልጅ የምበክለው? በአባቱ ቀብር ላይ የቆምሁ እኔ ነኝ» ብለው፣ ወደ መስኮቱም ሳይቀርቡ ጉበቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየደረሱበት «ልጁን ከሰው ለይታዋለች» ይሉ ነበር። እኔ በሽማግሌው ልፈርድባቸው አልደፍርም። ጉበቱን የገዙት በምን እንደ ሆነ ገምቻለሁ፤ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ገንዘባቸው ነበር። ሰው ያለውን ሁሉ ይዞ መጥቶ «አያስፈልግም» ሲባል የሚሰማውን ሕመም ማናቸውም የጤና ትምህርት አያስታግሠውም።

በሁለተኛው የሕክምና ዙር መካከል ልጁ ሞተ። የገደለውም አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ነበር። ይህ ሻጋታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በጭድ፣ በድርቆሽ፣ በጎተራ፣ በአሮጌ ቤት አቧራ ውስጥ ይገኛል፤ ዘሩን ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፣ ዘበኛም ይመልሰዋል። ዘበኛ በሌለው ሳንባ ግን በቅሎ ሥር ይሰድዳል። በኅዳር ወር በመዘዞ ገብስ የማይወቃበት አውድማ የት ይገኛል? ከየት እንደ ገባ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ከአውድማ ይሁን፣ ከመኪና መንገድ ይሁን፣ ከሆስፒታል ግድግዳ ይሁን አይታወቅም። የታወቀው፣ ከጠያቂ አለመምጣቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰዉ በእናቲቱ ላይ ፈረደ። «በር ዘግታ ከዘመድ ለየችው፤ ሞት ግን አልቀረለትም፤ ሳንስመው ሞተ» አለ። ይህ ፍርድ ቀላል አይደለም፤ ያጡት ነገር እውነተኛ ነውና። ያልተሳመ ጉንጭ ተመልሶ አይሳምም። መዝጋቱ ባያድን፣ የተከፈለው ዋጋ ለምን ተከፈለ?

እኔ ግን አንድን ሥራ በመጨረሻው ብቻ መመዘን ትክክል አይመስለኝም። የደጋ ገበሬ በሰኔ ገብሱን ይዘራል፤ በጥቅምት ወይም በኅዳር ውርጭ ይመታዋል። በዚያ ዓመት ያልዘራ ጎረቤቱ ድካሙን ስላተረፈ ከእርሱ ይልቅ አስተዋይ ነበር የሚል ሰው በአገራችን አልሰማሁም። ሰው የሚጠየቀው በሠራበት ሰዓት ሊያውቀው በሚችለው ነገር ነው። እናቲቱ የሚያውቁት፣ ብዙ አደጋዎች እንዳሉና ከእነርሱ ውስጥ በእጃቸው ያለው የበሩ መሆኑን ነበር። የአንጀቱን ተሐዋሲ ሊያስወጡት አይችሉም፤ የአውድማውን አቧራ ከሰማይ ሊያወርዱት አይችሉም፤ በሩን ግን መዝጋት ይችላሉ። አሥር ቀዳዳ ባለው ጣራ ሥር የተቀመጠ ሰው ዘጠኙን መድፈን አልችልምና አንዱንም አልደፍንም አይልም። ደግሞም ከጉንፋንና ከኩፍኝ ተጠብቆ ከመጀመሪያው ዙር መድኃኒት በሕይወት መውጣቱ ማንም የማይቈጥርለት ነገር ነው፤ ያልደረሰ ሞት አይለቀስለትምና።

ከዚህ ይልቅ እኔ የምነቅፈው ሌላ ዓይነት በር መዝጋት አለ፤ እርሱም ነገርን መሸሸግ ነው። ከላይ በአሜሪካዊው ልጅ ታሪክ ውስጥ የተኛ ቫይረስ እንደ ነበረ ተናግሬአለሁ። በእኛም አገር በሰው አካል ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ጠላት ብዙ ነው። ስትሮንጊሎይዴስ የሚባል ቀጭን ትል አለ፤ በባዶ እግር በሚረገጥ እርጥብ አፈር ውስጥ ይገኛል፤ በቈዳ ሰርስሮ ይገባና እዚያው አካል ውስጥ እየተዋለደ ለአሥሮች ዓመታት ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሩቅ ምሥራቅ ተማርከው የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ከአርባ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ትሉ ከአንዳንዶቹ ጋር አብሮ አርጅቶ ተገኝቷል። ለጤነኛ ሰው ከሆድ ቁርጠትና ከማሳከክ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ያ ሰው የደም በሽታ ይዞት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ሲጀመርለት፣ ትሉ ያለ ልክ ይራባል፤ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌላው አካል ሲበተን የአንጀትን ባክቴሪያ ወደ ደም ይዞ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው፣ አስቀድሞ ቢጠረጠር አይቨርመክቲን የተባለው ርካሽ ኪኒን ሊያጠፋው መቻሉ ነው። ለመጠርጠር ደግሞ ሐኪሙ «የት ሠርተሃል? በየትኛው አገር በባዶ እግርህ ሄደሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ በሽተኛውም መመለስ አለበት። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው፤ ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ ተኝቶበት እንደሚኖር ይገመታል።

በሰሜን ምዕራብ በኩል ወዳሉት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላዎች ለአጨዳ የሚወርዱ የደገኛ ልጆች የሚይዛቸው ካላዛር ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ጣፊያን ያሳብጣል፤ ቀዩንም ነጩንም ፕላትሌቱንም ያጠፋል፤ ምልክቱ ሁሉ የደም ካንሰር ይመስላል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ በጊዜው ከታወቀም መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት በመተማ ሁለት ወር መክረሙን፣ ምናልባት ከቤት ኰብልሎ ስለ ሄደ አፍሮ፣ ለሐኪሙ ቢሸሽግ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስበው። ቤተ ሰቡ ቀድሞ የያዘውን የሳንባ ነቀርሳ «ስማችን ይጠፋል» ብሎ ቢደብቅም እንዲሁ ነው።

ከሐኪም የሚሸሸገው እንዲህ ከሆነ ከበሽተኛው ከራሱ የሚሸሸገውስ? በአገራችን ከባድ በሽታ ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በዘዴ የሚነገርበት አገር ስለ ሆነ፣ የሰውን ልብ ላለመስበር የምንወስደው ጥንቃቄ ክፉ አይደለም። እኔም ይህን ልማድ በሌላው በሽታ ሁሉ ላይ ለመንቀፍ አልቸኩልም፤ ሊሞት ቀኑን የሚቈጥር ሽማግሌ አላውቅም ብሎ በሰላም ቢያልፍ ማን ይጎዳል? የደም በሽታ ግን ይህን አይፈቅድም። ምክንያቱም ዘበኛው ሲያልቅ የቀረው ዘበኛ የበሽተኛው የራሱ ንቃት ነው። ትኩሳቱን የሚለካው እርሱ ነው፤ ጥሬውን ሥጋ አልበላም የሚለው እርሱ ነው፤ በሌሊት ብርድ ብርድ ሲለው እናቱን የሚቀሰቅስ እርሱ ነው። «ትንሽ ደም ማነስ ነው፣ ይሻልሃል» የተባለ ሰው ስለ ትንሽ ነገር ሌሊት ማንን ይቀሰቅሳል? አስተውሉ፤ ከአካሉ ዘበኛውን በሽታው ወሰደበት፤ ከአእምሮው ዘበኛውን የምንወስድበት እኛ ነን። በ2004 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በደም ካንሰር ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ቤተ ሰባቸው በልጃቸው ስም የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የበሽታውን ስም እንኳ በሹክሹክታ ይናገር ነበር። ሐዘንን በአደባባይ በስሙ መጥራት ለሌሎች ወላጆች ምን ያህል መንገድ እንደሚከፍት ከዚህ ይታያል።

«በሩ ከተዘጋብኝ ምን ላድርግ?» ለሚል ወዳጅ የሚሆን ሥራ ደግሞ አለ። ደም መስጠት ነው። በአገራችን የደም ባንክ በ1969 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ፣ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ነጩ ዘበኛ ዕድሜው እጅግ አጭር ስለ ሆነ በብዙ ቦታ በስጦታ አይገኝም፤ ቀዩና ፕላትሌቱ ግን ይሰጣሉ። ቀዩ በብርድ ከአንድ ወር ትንሽ በላይ ሲቀመጥ ፕላትሌቱ የሚቈየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሰጠ ሰው ዛሬ ለሚደማው ልጅ አይደርስለትም፤ ዛሬ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ለጥሬ ጉበት የወጣው ገንዘብ የደብረ ብርሃንን ትራንስፖርት ይችል ነበር፤ ይህን ግን ለሽማግሌው ማን ነገራቸው? ማንም አልነገራቸውም። «አይግቡ» ለማለት ሁላችንም አፍ አለን፤ «ይልቁንስ ይህን ያድርጉ» የሚለው አፍ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ልጁ ከሞተ በኋላ እናቲቱ አንድ ደብተር አሳዩኝ። የሒሳብ ደብተር ነበር፤ በአውቶቡሱ ላይ የተሳፋሪ ሒሳብ ይጽፍበት የነበረ። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ፣ በዚያ በትንሽ መስኮት አጠገብ ተኝቶ ሳለ፣ ሊጠይቁት የመጡትን ሰዎች ስምና ቀን በተራ ጽፎአል። የገባውንና ከውጭ የቆመውን አልለየም፤ ሁሉንም «መጡ» ብሎ ነው የጻፈው። እናቲቱ «መምህር፣ በሩን ባልዘጋውስ ኖሮ?» ሲሉኝ፣ ሐኪሙ ስለ ሻጋታው የተናገረውን መልሼ ነገርኋቸው። ያንን ያውቁታል። የጠየቁኝ ስለ ሻጋታው አልነበረም። ስለዚህ ደብተሩን ተቀብዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮኽ ብዬ አነበብሁላቸው፤ ወደ 70 የሚጠጉ ነበሩ።

በተዝካሩ ዕለት ሽማግሌው መጥተው በጓሮ በኩል ለብቻቸው ተቀመጡ። ደብተሩን ይዤ ወደ እርሳቸው ሄድሁ፤ ማንበብ አይችሉምና፣ በ12 ኅዳር ከተጻፈው ላይ ስማቸውን አሳይቼ አነበብሁላቸው። ልጁ በመስኮቱ በኩል አይቶአቸው ኖሮአል። ጣታቸውን በጽሕፈቱ ላይ አድርገው ብዙ ቈዩ። ከዚያ «አዎን፣ የሚካኤል ዕለት ነበር» አሉ።